የአባቷ ሁለተኛ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ከአሊዩ አምባ፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ተጻፈ።

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለደብተራ ዘርአ ዳዊት፣ ሐረር።

እንደምን ሰንብተሃል? እጅጉን እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ሚስትህ ይመኙሻል፣ ልጃችን ወለቴ፣ እናትህ እማሆይም፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደብዳቤው ከአንኮበር ሳይሆን ከአሊዩ አምባ መጻፉን አይተህ አትደንግጥ። ማንም አልሞተም፤ ቤትህም እንደቆመ ነው። ለምን ቆላ እንደ ወረድኩ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩህ አይገባህምና ታገሠኝ። መታገሥ እንደማትወድ አውቃለሁ።

ጽሕፈቱ የወንድምህ አለመሆኑንም እስካሁን ዐውቀኸዋል። እስከ ዛሬ በእኔ ስም የደረሰህን ሁሉ የጻፉት ወንድምህ ቄስ ኃይለ ገብርኤል ናቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ነገር ስናገር እሳቸው ሌላ ይጽፉ ነበር፤ «እርስዎ» እያሉ፣ «ገረድዎ» እያሉ። እኔ መቼ ነው ገረድህ የሆንኩት? አባቴ ብራና ሲፍቅ እኔ ቀለም ስበጠብጥለት ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ቀን ይሆናል። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ እጄ ብዕር ከያዘ ስንት ዘመኑ ነው። በጓዳችን አንተ እንደምልህም አንተ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ዛሬ ዓርብ፣ ገበያ ነው፤ ውጭው ሁሉ ጩኸት ነው። ነጋዴው አብዱልጀሊል ግመሎቹን አዘጋጅቶ ነገ ማለዳ ወደ ሐረር ይነሣል። ይህን ካንተ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስጠንቅቄዋለሁ፤ እሱም «ወላሂ፣ እጁ ላይ ነው የማኖረው» ብሎኛል።

አንተ ወለቴን የምታውቃት ስትሮጥ ነው። ስትሄድ ከበቅሎህ ጎን እየሮጠች እስከ ቁልቁለቱ እንደ ሸኘችህ አስታውሳለሁ። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ትኩሳት ያዛት፤ ገላዋም ቀይ ሽፍታ ወጣበት። ትኩሳቱ ሲለቃት ጉልበቷ አብጦ ቀረ፤ ቀጥሎ የእጇ አንጓ፣ ቀጥሎም ጣቶቿ። ጠዋት ስትነሣ እንዳልለፋ ቆዳ ነው የምትደርቀው፤ አትታጠፍም፣ አትዘረጋም። ፀሐይ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ትፍታታለች፤ ከሰዓት በኋላ እንደማንኛውም ልጅ ትሄዳለች። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ጠዋት ስታለቅስ ያላየ ሰው ከሰዓት በኋላ ስትሄድ ያይና «ቅምጥል አድርገሻታል» ይለኛል። ስንቱን እጁን ይዤ ማለዳ ቤቴ ላምጣው?

መጀመሪያ ወገሻ አመጡላት። ወለምታ ነው ብሎ ጉልበቷን ይዞ ጎተታት፤ ራሷን ሳተች። ሳምንት ሙሉ ስትተኛ ወገሻው «አጥንቱ ቦታውን እየያዘ ነው» ይል ነበር። ቀጥሎ ጠበል ሆነ። ጠበልን አልነቅፍም፤ እኔም ተጠምቄ ድኛለሁ። ግን የኅዳርን የአንኮበር ማለዳ ታውቀዋለህ፤ ጉሙ ከደጅ አልፎ ጓዳ ይገባል፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ሰዓት ነው ከዓለት ሥር በሚወጣው ውሃ የሚያስጠምቋት። ከዚያ ስትመለስ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጣቶቿ ተጨብጠው ይቀሩና እስከ ቀትር አይከፈቱም። «ፀሐይ ከወጣ በኋላ ቢሆንስ?» ብዬ ብጠይቅ ወንድምህ «እምነትሽ ጎድሏል» አሉኝ። እምነቴ ሳይሆን ልጄ ናት የምትጎድለው ልላቸው ፈልጌ ዋጥኩት።

በጥምቀት ማግሥት ቄሱ ቤት ተሰበሰብን። ምክሩ ሳይጀመር አልቆ ነበር። ሽማግሌው ወልደ ሰንበት ጉልበቷንና አንጓዋን በጋለ ብረት ይተኩሳት ተባለ። የተሰጠው ማስረጃ አንተ ነህ። «ዘርአ ዳዊትን ያየ ምን ያጠራጥረዋል?» አሉ ወንድምህ። «በሰባት ዓመቱ ቀኝ ትከሻው እንዲሁ አብጦ ስንት ወር አሠቃየው። የወልደ ሰንበት አባት ተኮሰው፤ አንድ ቃል አልጮኸም፤ ይኸው ዳነ። ዛሬ ከእሱ የሚበልጥ ደብተራ አለ?» እማሆይም ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚያን ቀን እግርህን የያዙት እሳቸው እንደሆኑ በኩራት ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። እኔ «እንግዲያው አባቷ ይጠየቅ» ብቻ አልኩ፤ ጥያቄውም በነጋዴው በአብዱልጀሊል እጅ ተላከልህ።

ይህ ደብዳቤ ላንተ ዐይን ብቻ ስለሆነ በግልጽ ልጻፈው። ዘርአ ዳዊት፣ ያ ትከሻ አልዳነም። ካገባኸኝ ጀምሮ ኩታህን በቀኝ በኩል የማለብስህ እኔ ነኝ። ሰው ሲያይ የፍቅር ይመስለዋል፤ የፍቅርም ነው፤ ግን ክንድህ ከደረትህ በላይ ስለማይነሣ ነው። ማሕሌት ላይ መቋሚያውን በግራህ ትይዛለህ፤ ሲጠይቁህ «የመምህሬ ሥርዓት ነው» ትላለህ። የትኛው መምህር ነው እንደዚያ ያስተማረህ? ክረምት በገባ ቁጥር ድንጋይ አሙቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ስይዝልህ የኩታህን ጫፍ ነክሰህ ፊትህን ወደ ግድግዳ ታዞራለህ። እንዳላይህ ነው፤ እኔ ግን አያለሁ። ለማንም እንዳልናገር በእመቤታችን ስም አስማልከኝ፤ ማልኩልህ። የዚያን ቀን አፌን የያዘኝ ይህ ነው። ልቤ ግን አንተን አምኖ ነበር። የገዛ ትከሻው ያውቀዋል፣ ለልጁ ሲሆን ሰበብ ፈልጎም ቢሆን እንቢ ይላል ብዬ ነበር።

አሁን ሐረር ላይ ኩታህን የሚያለብስህ ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ጠየቅኩህ እንዴ? አልጠየቅኩም።

የካቲት ላይ አብዱልጀሊል ከሐረር መመለሱን ስሰማ መልስህን ልቀበል እኔው ራሴ ወረድኩ። ወለቴ ካልወሰድሽኝ ብላ ስላለቀሰች በቅሎ ላይ አስቀምጬ ይዣት ሄድኩ። የአብዱልጀሊል ሚስት ሰሊሃ ገና ስታያት «አንቺ ልጅ፣ ማን ነው እንዲህ የቋጠረሽ?» ብላ ከበቅሎው አወረደቻት። ጠጠር ጨው በምጣድ አሙቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት፤ እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችላት። ምንም ድግምት የለው፣ ምንም ጩኸት የለው። ጨው ነው፣ ውሃ ነው፣ የቆላው ሙቀት ነው። ቀትር ሳይደርስ ልጄ ዳቦ በገዛ እጇ ቆርሳ በላች። ከኅዳር ጀምሮ እኔ ነበርኩ የማጎርሳት። መልስህን በጉያዬ ይዤ ደስ ብሎኝ ስቄያለሁ፤ በዚያ ቀን ሁለት መልካም ነገር የተሰጠኝ መስሎኝ።

ደብዳቤው የተጻፈው ለወንድምህ ስለነበር አልከፈትኩትም። አንኮበር ወጥቼ ሰጠኋቸው፤ በዘመድ ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። «እኔ ሕያው ምስክር ነኝ። እንዲህ ያለ በሽታ ብረት ካላየ አይለቅም። ሳትዘገዩ ይተኮስላት» ብለሃል። ሕያው ምስክር! እማሆይ እልል አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ሰዎቹ ለልጇ አዝና ነው ብለው አጽናኑኝ። አዝኜ አልነበረም፣ ተናድጄ ነበር። እዚያው ብትሆን ኖሮ ኩታህን አላለብስህም ነበር፤ በል ምስክር ሆነህ ራስህ ልበስ እልህ ነበር።

ቄሱ ያነበቡትን ወለቴም በር ላይ ቆማ ሰምታው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ዳነች። ጠዋት ማልቀስ ቀረ፤ «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ደኅና፣ ምንም አያመኝም» ትላለች። እማሆይ ስለታቸው ደረሰ ብለው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ አስገቡ። ወንድምህ ጠበሉ ዘግይቶ ሠራ አሉ፤ ወልደ ሰንበትም እንዳይመጣ ተላከበት። እኔም፣ ምን ልዋሽህ፣ ለጥቂት ቀን አመንኩ። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ።

አንድ ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ብነሣ ከምድጃው ዘንድ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሁለት እጆቿን እስከ አንጓዋ ሙቅ ዐመድ ውስጥ ቀብራለች። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳዋለች፤ ዕንባዋ እየወረደ ድምፅ የላትም።

«ወለቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም፣ እማዬ።»

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ለእኔ ነው የምትዋሽው?»

እጇን ከዐመዱ ሳታወጣ «ብረቱን እስኪረሱት ነው» አለችኝ። «ብዙ ቀን አያመኝም ካልኩ ይረሱታል። አንቺም አትንገሪያቸው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ ሲተኩሱት አልጮኸም አሉ። እውነት ነው?»

«እንጃ፣ እኔ ያኔ አላውቀውም።»

«ከዚያ ዳነ?»

ምን ልበላት? ጥጃው የተፈታ መሰለኝ ብዬ ወጣሁ። ጥጃው ታስሮ ቆሟል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አለቀስኩ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሕመም መደበቅን ከየት ተማረች? እኔ አላስተማርኳት። አንተም ከሄድክ ዓመት አልፎሃል። ከደም ይሆን እንዴ የሚተላለፈው እያልኩ እዚያው ቆየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ብረቱን የምጠራው እኔው ልሆን ነው፤ ዝም ብል ልጄ ብቻዋን ልትሠቃይ ነው። አሁን የአንተም የእሷም ምሥጢር ጠባቂ ሆንኩ፤ ሁለቱም ከበዱኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ወለቴ ከልጆቹ ጋር ካልሰገድኩ አለች። ከለከልኳት፤ እማሆይ «ድና ሳለ ለምን ትከለክያታለሽ?» አሉኝ። አንድ ጊዜ ሰገደች፣ ሁለተኛ ሰገደች። በሦስተኛው ልጆቹ ሁሉ ሲነሡ እሷ በግንባሯ መሬት እንደ ነካች ቀረች። አጠገቤ ያለች ባልቴት «እንዴት ያለች መንፈሳዊት ልጅ!» ብላ አደነቀች። እኔ ግን ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሮጬ ሳነሣት ጮኸች፤ እስካሁን ያጠራቀመችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸችው። ተሸክመው ቤት ያደረሷት ወንድምህ ናቸው። መንገዱን ሙሉ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ይህን የምጽፍልህ ክፉ ሰው እንዳይመስሉህ ብዬ ነው። ልጅቷን ይወዷታል። ስለሚወዷትም ደጃፌ ላይ ሲያስቀምጧት «ሰኞ ይተኮስላታል፤ አባቷ ፈቅዷል» አሉ።

ሰኞ ማለዳ ወልደ ሰንበት መጣ። አንዱን ብረት ከምድጃው ፍም ውስጥ ከተተና ቀስ እያለ ወናፉን ይነፋ ጀመር። ወለቴን ቆዳ ላይ አስተኟት። እንደ ልማዱ እናት ራሷን፣ አያት እግሯን ትያዝ ተባለ። ራሷን ጭኔ ላይ አደረግኩት። አላለቀሰችም። ዐይኗን ወደ ብረቱ አላዞረችም፤ እኔን ብቻ ነው የምታየው። የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችው። ያን ጊዜ ወንድምህ፣ ሊያበረቱን ብለው ነው፣ «አያችሁ? ልክ እንደ አባቷ ናት!» አሉ።

ከዚያ በኋላ አፌ የእኔ አልነበረም።

«አዎ፣ እንደ አባቷ ናት!» አልኩ። «አባቷም እንዲህ ጨርቅ ነክሶ ነው ዝም የሚለው! አባቷም አልዳነም!»

«ምን ትያለሽ አንቺ ሴት?» አሉ ቄሱ።

«አልዳነም ነው የምለው። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሣም። ኩታውን የማለብሰው እኔ ነኝ። ክረምት ከበጋ ያመዋል፤ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። በእመቤታችን ስም የማልኩትን ይኸው አፈረስኩ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«በሌለበት ሰው አታዋርጂ!» ብለው ተነሡ። «እኔ ወንድሙ ነኝ፤ ስንት ዓመት አብረን ቆመን አገልግለናል። እንዲህ ቢሆን አላይም ነበር?»

እማሆይ እግሯን ለቀቁ። ቀስ ብለው ነው የለቀቁት። «አንተ ማሕሌት ላይ የምታየው ራስህን ነው» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይመኙሻል፣ መቋሚያውን በግራ የሚይዘው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው፣ እማሆይ።»

ወናፉ ቆሟል፤ ወልደ ሰንበት ብረቱን ከፍሙ አውጥቶ ዐመድ ውስጥ ቀበረው። «እኔ ዘመድ ሳይስማማ እጄን አላነሣም፤ ተስማምታችሁ ጥሩኝ» ብሎ ወደ ደጅ ወጣ። እማሆይ ግን እሱን የሰሙት አይመስለኝም። «በሦስተኛው ቀን» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ፣ «ቁስሉን ሳጥብለት አለቀስኩ። እሱ ዕንባዬን ጠረገልኝና ‹ተሻለኝ፣ እማዬ፣ አታልቅሺ› አለኝ። ስለቱን ያስገባሁት በዚያ ቃል ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ ቃል ነው የኖርኩት።» ከዚያ የራሳቸውን ሁለት እጆች እየተመለከቱ «በግራ እጁ ነበር የጠረገልኝ» አሉ።

እናትህ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላየሁም። ወለቴን አንሥተው አቀፏት። ወንድምህ እንደ ቆሙ ድምፃቸው ተሰብሮ «እንግዲያው ምን እናድርግ? ቁጭ ብለን ስትደርቅ እንያት? ንገሪኝ፣ አንቺ ታውቂ እንደሆነ!» አሉኝ። የጠየቁኝ እውነት ነው። እኔ መድኃኒት አላውቅም። «የሚያድናት አላውቅም፤ የሚያቀልላትን ግን አይቻለሁ» አልኩና ስለ አሊዩ አምባው ሙቀት፣ ስለ ሰሊሃ ጨው፣ በገዛ እጇ ስለ ቆረሰችው ዳቦ ነገርኳቸው።

«የቆላ ንዳድ ይገድላታል» አሉ።

«ንዳዱ የሚነሣው ከዝናብ በኋላ ነው። ከክረምቱ በፊት እንመለሳለን።»

«የቄስ ቤተ ሰብ እስላም ቤት ልትቀመጥ? ምን ልትበላ ነው?»

ያረዱትን አንበላም፤ ከቤታቸው ምን እንደምንበላ አላሰብኩበትም ነበር። የመለሱላቸው እናትህ ናቸው። ወለቴን እንዳቀፉ፣ ቀና ሳይሉ «ሁዳዴ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ሥጋ የት አለና ነው የምትፈራው? ሽሮውን ከቤት ይዘው ይውረዱ። ዳቦና ውሃ ደግሞ ሃይማኖት የለውም።» ወንድምህ በቀኖና የሚረታቸው ሰው አግኝተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን በእናታቸው ያገኙ ይመስለኛል። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው፦ እስከ ፋሲካ ቆላ እንቀመጥ፤ የአንተ ሁለተኛ ቃል እስኪመጣም ብረት አይነሣ። ቄሱ በመስቀላቸው አረጋገጡልኝ። «ዘርአ ዳዊት ራሱ አልዳንኩም ብሎ ከጻፈ ዳግመኛ ስለ ብረት አላነሣም። ዳንኩ ካለ ግን የአንቺን ቃል ሳይሆን የእሱን ነው የማምነው» አሉኝ።

ስለዚህ በሰሊሃ ቤት ጓዳ ተቀምጠናል። ዳነች ብዬ አልዋሽህም። ጉልበቷ አሁንም ያብጣል፤ ጠዋት አሁንም ትደርቃለች። ግን ቶሎ ትፍታታለች፤ ማንኪያም ትይዛለች። ሰሊሃ ሌሊቱን በጨርቅ ጠቅልላ ታሳድራታለች፤ «አላህ ያሽርሽ» እያለች ጨዋታ ታወራላታለች። የምትቆጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ስትል። «የት ጋ እንደሆነ ካልነገርሽኝ ጨውን የት ልያዝልሽ?» ትላታለች። ትናንት ጠዋት ገና ዐይኗን ሳትገልጥ «እማዬ፣ አመመኝ!» ብላ ጮኸች። ልጇ አመመኝ ስትላት ደስ የሚላት እናት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ደስ አለኝ። ሮጬ ሄጄ የት የት እንደሆነ አንድ በአንድ አስጠቆምኳት።

እንግዲህ ነገሩ ባንተ እጅ ነው። ምሥጢርህን ገልጫለሁ፤ ብትቆጣ ትቆጣለህ። ስትመጣ ቤትህ ካልገባሁ ብትልም እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፤ ያንን አሁን ማሰብ አልፈልግም። የምለምንህ ግን አለ። የመጀመሪያ ቃልህ ብረቱን እሳት ውስጥ አስገብቶታል፤ ሁለተኛው ያውጣው። ለወንድምህ ስለ እኔ መልካምነት አትጻፍላቸው፣ ስለ ሃይማኖትም አትጻፍላቸው። «ትከሻዬ አልዳነም፤ ልጄን አትንኳት» ብለህ ጻፍ፤ ሌላ ቃል አልጠይቅህም። ሰው ይስቅብኛል ብለህ ከሆነ የሚስቅ የለም። እማሆይ ስንወርድ እስከ ጎረቤላ ድረስ በእግራቸው ሸኝተውን «ልጄን እንዲህ በይልኝ» አሉ፦ «ያን ጊዜ እንዳላለቅስ ብለህ ነው የዋሸኸኝ፤ አሁን አርጅቻለሁ፣ ማልቀስ አያቅተኝም፤ እውነቱን ንገረኝ።»

አብዱልጀሊል መልስህን ይዞ እንዲመለስ ቃል አስገብቼዋለሁ። እኔም በመጣው መንገደኛ ሁሉ እጠይቃለሁ። የሐረር ብርድ ከአንኮበር ይሻላል ይሉኛል፤ ቢሆንም ማታ ማታ ትከሻህን ሸፍነህ ተኛ። የእመቤታችን ምልጃ ከመንገድ ክፋት ይጠብቅህ፤ ደጅህን ከልጅህ ጋር ለመርገጥ ያብቃህ፤ ያኔ ተቆጥተህም ቢሆን ና።

ሚስትህ ይመኙሻል፣ በክርስትና ስሜ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ልዘጋው ስል ወለቴ እኔም ለአባዬ ልጻፍ ብላ አስቸገረችኝ። ጣቶቿ ብዕር ስለማይዙ እሷ ስትናገር እኔ ጻፍኩላት፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም፦

«አባዬ፣ እኔን የሚያመኝ ሁለቱን ጉልበቶቼን፣ አንጓዬንና የቀኝ እጄን ጣቶች ነው። ጠዋት ይብሳል። እዚህ ስጮህ ማንም አይቆጣኝም። አንተ ስትጮህስ የሚቆጣህ አለ?»